እስከ ዘጠና ሰባት

ልጅ ሳለሁ፣ ሶዶ አጠገብ ተበላ በምትባል ከተማ በሚገኘው ቤታችን፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም ሲመሽ ምድጃው ዳር ተቀምጦ ተረት ይነግረን ነበር። የሒሳብ መምህር ስለነበር ጅብና ቀበሮ አያውቅም፤ በእሱ ተረት የሚጣሉትም የሚጋቡትም ቁጥሮች ናቸው። የኩራዙ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ ረመጥ ውስጥ የቀበርነው ስኳር ድንች እስኪበስል እንሰማዋለን።

የማልረሳው የዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሦስትን ነው። ይህ ቁጥር እንግዳ ሆኖ አገር ይዞራል። እኛ ዘንድ እንግዳ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጎሳውን ነውና፣ እሱም በየደጁ እየቆመ «ዘመዴ ነህ ወይ?» ይላል። ሁለት እኩል ሊያካፍለው ይሞክራል፤ ትርፍ ይቀርበታል፣ በሩንም ይዘጋበታል። ሦስትም፣ አምስትም፣ ሰባትም እንደዚያው። «በአማርኛ ብቸኛ ቁጥር ይሉታል» አለን አጎቴ። ያኔ አማርኛዬ የገበያ አማርኛ ነበርና፣ ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የሌለ ማለት መሆኑ አልገባኝም። ሰው የሌለው ማለት መስሎኝ አለቀስኩ።

ለቅሶዬ ምክንያት ነበረው። ታላቅ ወንድሜ ዝናብ በቀረበት ዓመት፣ በቆሎው እንደቆመ ሲደርቅ፣ በሞያሌ አድርጌ ደቡብ አፍሪካ እገባለሁ ብሎ ወጥቶ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። እናቴ ከዚያ የተመለሰ ሰው አለ በተባለ ቁጥር፣ ሶዶ ከተማም ይሁን ቤሌ፣ ፎቶውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትሄዳለች።

አጎቴ ሊያባብለኝ ነው መሰለኝ፣ «አይዞህ፣ ዕድሜ ልኩን አይዞርም» አለኝ። «ከመቶ በታች የመጨረሻው ብቸኛ ቁጥር ዘጠና ሰባት ደጅ ሲደርስ ይበቃዋል፤ መቶ ጊዜ መቶ ከራሱ ይበልጣልና። ከዚያ ወዲያ ትልቅ ዘመድ ቢኖረው ኖሮ፣ ከዚያ ትልቅ ጋር የሚባዛው ትንሹ ቀድሞ በር ይከፍትለት ነበር። እዚያ ድረስ ጠይቆ ካጣ፣ የለውም። አርፎ ይቀመጥ።»

እናቴ ጓዳው በር ላይ ቆማ ስትሰማ ኖሯል። «ጋሼ» አለችው ቀስ ብላ፣ «ለእኔስ እስከ ስንት ነው?»

አጎቴ ፍሙን ቆሰቆሰ። ስኳር ድንቹ እስኪያር ድረስ ማንም አላወጣውም።

ዛሬ አጎቴ አርፏል፤ እኔም ሶዶ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ብቸኛ ቁጥር ላይ ስንደርስ ከተማሪዎቹ አንዱ «ቲቸር፣ እስከ ስንት እየሞከርን እንሂድ?» ማለቱ አይቀርም፤ እነግረዋለሁ። ቁጥር ደግ ነው፣ መቆሚያ አለው። ወንድሜ የለም ብዬ ካመንኩ ቆይቻለሁ፤ ይህን ለእናቴ የምናገርበት አፍ ግን የለኝም።

ባለፈው ቅዳሜ መናኸሪያ አገኘኋት። ፎቶው ከመታጠፍ ብዛት መሃሉ ነጥቶ፣ የወንድሜ አፍና አፍንጫ ጠፍቷል። ከአውቶቡስ ለወረደ ጎረምሳ ታሳየዋለች፤ ወንድሜ ሲወጣ ገና ያልተወለደ ልጅ። ወደ ቤት ልወስዳት ሄጄ አጠገቧ ቆሜ ቀረሁ። ልጁ ፎቶውን ወደ ብርሃን አዘንብሎ አየና «እማማ፣ አላውቀውም» አላት። መረቀችውና ከኋላው ወደሚወርደው ዞረች።