ሰው ሳይሞት የተቀቀለ ንፍሮ

ከቀዶ ሕክምና ከተመለስኩ ወዲህ ቤታችን ጸጥ ብሏል። ለቡ ያለችው የኮንዶሚኒየም ቤታችን ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲህ አልነበረችም። የልጄ የሕሊና ጓደኞች ያቺን ጠባብ ማዕድ ቤት ሞልተው፣ አንዷ ዳቦ ሰንጥቃ የተጠበሰ ድንችና ዳጣ እየጠቀጠቀችበት እርጥብ ትሠራለች፣ ሌላዋ ሳምቡሳ ውስጥ ሽሮ ከትታ ‹‹እስቲ ቅመሱት፣ ሙች ያምራል›› ትላለች። ያደረ እንጀራ እንኳ ተቆራርጦ ዘይት ውስጥ ይገባና ሚጥሚጣ ተነስንሶበት ቺፕስ ሆኖ ይወጣል። እኔም ‹‹ቤቴን በዘይት አጨቀያችሁት›› እያልኩ በየመሀሉ ገብቼ እየዘገንኩ እወጣለሁ።

በዚህ ቅዳሜ ግን የዘይት ሽታ የለም። ሕሊና ጓደኞቿን ‹‹እማ ታማለች›› ብላ አስቀርታቸዋለች። ሊጠይቁኝ የመጡ ጎረቤቶች ደግሞ አልጋዬ አጠገብ በረጅሙ ተንፍሰው፣ ሙዝና ጭማቂያቸውን አስቀምጠው፣ ሳሎን ከወጡ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

‹‹ከስታለች አይደል?››

‹‹ፊቷም ጠቁሯል። ብቻ እሱ ያውቃል።››

የወጣልኝ የሐሞት ጠጠር ነው። ሐኪሞቹ ሐሞቴን አወጡልኝ እንጂ ሐሞተ ቢስ አላደረጉኝም። ተኝቼ ኮርኒሱን እያየሁ ያን ሹክሹክታ ስሰማው ግን ደሜ ፈላ። አውቀዋለሁና። ሰው በቁሙ ሲለቀስለት ምን እንደሚሰማው ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው በዚህ ብሎክ ያለ አይመስለኝም።

እናቴ የታመመች ጊዜ ገና ሃያዎቹን ጀምሬ ነበር። የምንኖረው ሀና ማርያም ነበር። ሀና ማርያም ያኔ አስፋልት የላትም፣ ታክሲውም ደስ ካለው ይገባል፣ ካላለው በሩቅ ጥሎን ይመለሳል። የቀረውን በባሕር ዛፍ መሀል በእግራችን እንጨርሰዋለን። ከፉሪ በኩል ያለው ሜዳ ገና ቤት አልበቀለበትም፤ ታኅሣሥ ሲገባ እሸት ሽምብራ የጫኑ አህዮች በደጃችን ያልፉ ነበር። እኛም ከኋላቸው እየተከተልን ከጭነቱ እንጎነትል ነበር። ባለቤቶቹ ዞር ብለው ይሰድቡናል፣ ግን አይመቱንም።

እናቴን ሰፈሩ ‹‹እትዬ በላይነሽ›› ይላታል። ለቅሶ በደረሰ ቁጥር ንፍሮ የምትቀቅለው እሷ ነበረች። ማንም ሾሟት አይደለም፤ ስንዴው ሳይጠነክር፣ ባቄላውም ሳይፈርስ አንድ ላይ ማብሰል የሚያውቅበት ሌላ ሰው ስለሌለ ነው። የእድሩ ጥሩምባ እንደተሰማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትወጣለች፣ ማታ ጭስ ጭስ እየሸተተች ትመለሳለች። ልጅ ሆኜ ንፍሮ እቤታችን እንዲቀቀል ብጠይቃት ‹‹በጤና ቤት?›› ብላ ትቆጣኝ ነበር። በእኛ ሰፈር ስንዴና ባቄላ አብሮ በትልቅ ድስት የሚቀቀለው፣ ስቅለት ካልሆነ፣ ሰው ሲሞት ነው።

በዚያ ዓመት እናቴ በሆድ ሕመም ወደቀች። ሐኪሞቹ ብዙ ጊዜ አመላልሰውን በመጨረሻ ‹‹እቤቷ ትረፍ›› አሉን። ይህቺን ቃል ሰፈሩ ከእኛ በፊት ሰማት። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጠያቂ ሁሉ በእግር ጣቱ እየተራመደ ይገባል፣ ያንሾካሹካል፣ በረጅሙ ይተነፍሳል፣ ይወጣል። ከልጅነት እስከ እውቀት ጓደኛዋ የሆኑት እትዬ ወርቄ እንኳ ወደ ግቢያችን በገቡ ቁጥር ግራና ቀኝ ያያሉ። ድንኳኑ የት እንደሚተከል የሚለኩ ይመስለኝ ነበር። እኔም ጓደኞቼን አትምጡ አልኩ፣ ሬዲዮኑንም ዘጋሁ። ምን ላድርግ፣ እንደዚያ ነው የሚደረገው።

አንድ ቀን፣ ጾመ ነቢያት ከገባ በኋላ፣ አጥሚት ይዤላት ስገባ ፊቷን አዞረች።

‹‹ዘነብ፣ ንፍሮ አማረኝ።››

‹‹ንፍሮ? እማዬ ደግሞ! ምን ሟርት ነው?››

‹‹ስንዴ ምን ሟርት አለው? ዕድሜዬን ሙሉ በሰው ለቅሶ ስቀቅል ኖርኩ። አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብዬ፣ እየሳቅሁ፣ እስክጠግብ በልቼው አላውቅም። ሰው ሳይሞት መብላት እፈልጋለሁ።››

‹‹ሰው ምን ይላል?››

‹‹የታመምኩት እኔ ነኝ። እኔ ያልፈራሁትን አንቺ ምን አስፈራሽ? ጓደኞችሽንም ጥሪ። ይሄ ቤት ገና ሳልሞት መቃብር መቃብር ሸተተኝ።››

ይህን ስትል ድምፏ ውስጥ የድሮው ቁጣ ነበረበት። ያን ቁጣ ከሰማሁ ስለቆየሁ ደስ አለኝ። እንኳን ንፍሮ ሌላም ብትጠይቀኝ አደርገው ነበር።

ጓደኞቼ ሁለት ናቸው። አስቴር ከወላይታ መጥተው ከእኛ ጀርባ የከተሙ የጴንጤ ቤተሰብ ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ዳጣ የሌለበት ምግብ ምግብ የማይመስላት። ግርማ ደግሞ ጋራዥ ይሠራል፤ እጁ ቅባት፣ አፉ ቀልድ አያጣውም። አብረን ስንሆን ፓስቲ መጥበስ ይወዳል። ሊጡን ክብ ማድረግ ስለማይሆንለት የወጣለትን ቅርፅ ሁሉ ‹‹ይኼ አውራ ዶሮ ነው፣ ይኼ ደግሞ የአንቺ አፍንጫ ነው›› እያለ ያድለን ነበር።

የእናቴን ነገር ስነግራቸው አስቴር አላመነታችም። ‹‹ታዲያ ለምን እንደ ለቅሶ እንበላዋለን? ሽንኩርትና ቃሪያ እንከትፍበት፣ ሎሚ እንጭመቅበት። ዳጣው ከእኔ። ድንችም ይጠበስ፣ የትምህርት ቤት ጓደኞቻችንም ይምጡ።››

‹‹ፓስቲውን ለእኔ ተዉት›› አለ ግርማ።

የቸገረን ድስት ነበር። እቤታችን ያለው ለዚያ ሁሉ ሰው አይበቃም። የእድሩ ዕቃ የሚቀመጠው በእድሩ ዳኛ በጋሽ ተሰማ ግቢ ስለሆነ ቅዳሜ በማለዳ ግርማን ላክነው። ‹‹እትዬ በላይነሽ ቤት ንፍሮ ልንቀቅል ነው፣ ትልቁን ድስት ስጡን›› ብሎ ጠየቀ፤ ሌላ አንዲት ቃል አልጨመረም። ጋሽ ተሰማ ኮፍያቸውን አውልቀው ዕቃ ቤቱን ከፈቱለት። ድስቱን ሰጡት። ከዚያ ሳይጠየቁ አግዳሚዎቹን አወጡ። ከዚያ ደግሞ ሸራውን። ተሸካሚም ራሳቸው ጠሩለት።

ግርማ ያን ሁሉ አስጭኖ ሲመጣ ሳየው ገረመኝ። ‹‹ጋሽ ተሰማ ቸር ሰው ናቸው ባክሽ፣ አንዱን ስትጠይቂ ሦስት ይሰጣሉ!›› አለኝ። እኛም ሳናስብ ተቀበልን። እንዲያውም ሸራው በጀን፤ እናቴን ወደ ደጅ አውጥተን ፀሐይ ሳይነካት እንድትቀመጥ ወጠርነው። አሁን ሳስበው፣ ጾም ላይ ነን፣ ሰርግ የለም፤ ከእድር ቤት ድስትና ሸራ ወደ አንድ የበሽተኛ ቤት ሲሄድ ያየ ሰው ሌላ ምን ያስብ? ደግሞም በእኛ ሰፈር ለእንዲህ ያለ ነገር ዕቃ ሊወስድ የመጣን ሰው ‹‹እንዴት? መቼ?›› ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ይሰጣል፣ ዝም ይባላል።

ንፍሮው ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ስላደረ ቶሎ በሰለ። አስቴር የመጀመሪያውን ከድስቱ ቀንሳ ጠንፍፋ፣ ትኩሱን ሰፌድ ላይ ዘርግታ፣ ቀይ ሽንኩርቱን እንደ ሣር አድቅቃ፣ ቃሪያውን ከነፍሬው ከትፋ ለወሰችው። ሎሚው ሲፈስበት የተነሣው ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ድንቹ በአንድ ወገን ይጠበሳል፣ የግርማ አውራ ዶሮዎች በሌላ ወገን ያብጣሉ። የትምህርት ቤት ጓደኞቻችን አግዳሚዎቹ ላይ ተደርድረዋል። እናቴን ጋቢ አልብሰን፣ በትራስ ደግፈን ሸራው ሥር አስቀመጥናት። መጀመሪያ አንድ ፍሬ ባቄላ አፏ ውስጥ አገላበጠች። ከዚያ ዘገነች። ከዚያ ደግሞ ሳህኑን ራሷ ጭኗ ላይ አደረገችው። ግርማ ፓስቲ ይዞ ቀርቦ ‹‹እትዬ፣ ይኼ እርስዎ ነዎት›› ሲላት በሳቅ ፈነዳች፤ ሆዷን ይዛ፣ እያመማትም ሳቀች።

በዚያ ሳቅ መሀል ከሰፈሩ ጫፍ የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ።

‹‹ማን ይሆን ደግሞ?›› አለ ግርማ። እናቴ ሳህኑን አስቀምጣ ለመነሣት ሞከረች። ‹‹ነጠላዬን አምጪልኝ። ማንም ይሁን፣ እንደምንም ልድረስ›› አለችኝ።

ነጠላዋን ፍለጋ ገብቼ ሳልወጣ ጩኸቱን ሰማሁ። እትዬ ወርቄ ከፊት፣ የሰፈሩ ሴቶች ከኋላ፣ ደረታቸውን እየደቁ በአጥሩ በር ገቡ። ‹‹በላይዬ! እህቴ! ሳትሰናበቺኝ!›› እያሉ ሸራው ሥር ሲደርሱ እህታቸው ሳህን ይዛ ተቀምጣለች፤ ከንፈሯ በዳጣ ቀልቷል።

እትዬ ወርቄ በቆሙበት ደረቁ። እናቴ ግራና ቀኝ ተመለከተች፤ ሸራውን፣ አግዳሚውን፣ ድስቱን። የገባት ከሁላችንም በፊት ነው።

‹‹ወርቄ፣ ድምፅሽ አሁንም ያምራል›› አለች። ‹‹በይ አልቅሰሽ ከጨረስሽ ቁጭ በይና ብዪ።››

ጋሽ ተሰማ ከወንዶቹ ጋር የደረሱት ይኼኔ ነው። ነገሩ ሲገባቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። በእድር ቀለዳችሁ አሉ። በጤና ቤት ንፍሮ ቀቅላችሁ ሞት ጠራችሁባት አሉ። ሦስታችንም ድንጋይ ተሸክመን ይቅርታ እንድንጠይቅ፣ ሸራውም ባስቸኳይ እንዲወርድ አዘዙ። አስቴርን ጠቁመውም ‹‹ይቺ ናት ሥርዓታችንን የማታውቀው›› ሲሉ አስቴር አቀረቀረች።

እኔ ታላቅ ሰው ፊት ቀና ብዬ ተናግሬ አላውቅም ነበር። ግን ሸራውን ለማውረድ አንዱ እጁን ሲሰድ እናቴ ፊት ፀሐይ አረፈ፤ ዓይኗን ጨፈነች። በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን ነበር የሳቀችው፣ እሱንም ሊወስዱባት ነው።

‹‹አይወርድም!›› አልኩ። ‹‹ይቅርታም አልጠይቅም ጋሼ። እኛ የጠየቅነው ድስት ነው። እናቴን የገደሏት እርስዎ ነዎት።››

አንዷ ‹‹ውይ፣ ባለጌ!›› አለች። ጋሽ ተሰማ ወደ እናቴ ዞሩ፣ ልጅሽን አደብ አስይዢያት እንደ ማለት። እናቴ ግን ሳህኗን አላስቀመጠችም።

‹‹ተሰማ፣ እኔ ከዚህ እድር የገባሁት ይቺ ልጅ ሳትወለድ ነው። ስሞት ይህንን ድስት ታመጡልኝ ነበር አይደል? ሸራውንም ትወጥሩልኝ ነበር። እኔ ግን አላየውም። እናንተ ትበላላችሁ፣ እኔ እተኛለሁ። ዛሬ በቁሜ አየሁት፣ በላሁበት። ይኼ በዛብኝ?››

ጋሽ ተሰማ ተናደው ከሰዎቹ ሥር አግዳሚዎቹን አስነሥተው አስወሰዱ። ድስቱን ግን ሊያነሡት ሲሉ ገና ይፋጃል፣ ሙሉም ነው፤ ትተውት ሄዱ። ሸራውንም ማንም ደፍሮ አልነካውም። ከሴቶቹ ግማሾቹ እያማተቡ ተከተሏቸው። እትዬ ወርቄ ግን መሬት ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ፣ እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው ዘገኑ። ትንሽ ቆይተው አፋቸውን ከፍተው ‹‹ኧረ ምንድነው ያቃጠለኝ?›› ሲሉ አስቴር ቀና ብላ ‹‹ዳጣ ነው እትዬ›› አለች፣ ውኃም ሰጠቻቸው። እትዬ ወርቄ ውኃውን ጠጥተው ሳህናቸውን ለአስቴር ዘረጉ። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ እናቴና እሳቸው የልጅነታቸውን ወሬ ሲያወሩ ዋሉ። ማንም አላንሾካሾከም።

እናቴ በዚያ ሳምንት ትሞታለች ያሉ ሁሉ አፈሩ። ገናን አከበረች፣ ፋሲካን ፈሰከች፣ ክረምቱ ሲገባ አረፈች። ያ ድስት ተመልሶ መጣ፣ ያ ሸራ እዚያው ቦታ ተወጠረ። ንፍሮውን እኔ ቀቀልኩ። ሽንኩርትና ቃሪያ መክተፍ ስጀምር አንዲት ዘመዳችን ‹‹በለቅሶ ቤት እንዲህ ያለ ጨዋታ!›› ብላ ቢላዋውን ልትቀማኝ መጣች፤ አልሰጠኋትም። አስቴር ሎሚውን ጨመቀች። እኔ ራሴ ለጋሽ ተሰማ ወሰድኩላቸው። አቀርቅረው ጎረሱ፣ ቆይተውም ባዶውን ሳህን ዘረጉልኝ። ጨመርኩላቸው። ይቅርታ ግን እስካሁን አልጠየቅሁም፣ አልጠይቅምም። በሽተኛ በሕይወት እያለ ቤቱን ለቅሶ ቤት የሚያደርጉ እነሱ ይጠይቁ።

እነሆ እኔም ተኝቼ በሹክሹክታ እየተለካሁ ነው። ጠያቂዎቹ ሲወጡ ቁስሌን በእጄ ደግፌ ተነሣሁና ማዕድ ቤት ገባሁ። ሕሊና ደነገጠች።

‹‹እማ! ማን ተነሺ አለሽ?››

‹‹ጓደኞችሽን ጥሪ። ስንዴና ባቄላ ዘፍዝፊ፣ ነገ ንፍሮ እንሠራለን።››

‹‹ንፍሮ? አንቺ ታመሽ? ሰው ምን ይላል?››

‹‹ያለውን ይበል። ቃሪያ ይብዛበት።››

በማግስቱ ማዕድ ቤቱ እንደ ድሮው ሞላ። አንዷ ሳምቡሳ ታጥፋለች፣ አንዷ ሎሚ ትጨምቃለች፣ እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሽንኩርት እከትፋለሁ። የንፍሮው ሽታ በደረጃው ወርዶ ሳይሆን አይቀርም፣ ብዙም ሳይቆይ በሩ ቀስ ብሎ ተንኳኳ። ልጆቹን ‹‹ተዉት፣ እኔ እከፍታለሁ›› አልኳቸው።

ትናንት ‹‹ከስታለች አይደል?›› ያለችው ጎረቤቴ ናት። ጥቁር ሻርፕ ጣል አድርጋለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ስታየኝ አፏ ተከፍቶ ቀረ።

‹‹እኔ ገና ነኝ›› አልኳት። ‹‹ንፍሮው ግን ደርሷል። ግቢ።››