ትዕዛዙ እየወጣ ነው

የያዙኝ የስፌት መኪናዬ ላይ እንደተቀመጥኩ ነው። «ለሰልፉ የወጣውን መፈክር ያለበት ጨርቅ ያሰፋው ማነው?» አሉኝ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የመጣልኝን ሁሉ እሰፋለሁ። ስሙን ግን አልተናገርኩም። ከዚያን ቀን ከሰዓት ጀምሮ እስከ ማግስቱ ድረስ ቀኝ ክንዴን ከክርኔ በላይ በገመድ ከመስኮት ብረት ጋር አስረው አቆዩኝ። ስለሱ ብዙ ማውራት አልወድም።

ሲፈቱኝ አንዲት ጠባብ ክፍል አስገቡኝ። ሰባት ሰዎች ሽርጥ አገልድመው፣ በላብ ተነክረው ምሳ ከበዋል። የቆርቆሮው ጣሪያ ይፋጃል። «ወሪያ፣ ና ቁጭ በል!» አለኝ አንዱ፣ ቤቱ እንደመጣሁ እንግዳ ቦታ እየለቀቀልኝ። እጄን ወደ ትሪው ስሰድ ከአንጓው ላይ ቁልቁል ተንጠለጠለ። ተነስ አልኩት፤ አልተነሳም።

በግራ መብላት ደግሞ አይሆንልኝም። እናቴ ግራ እጄን ትሪ ላይ ባየች ቁጥር በማማሰያ ትመታኝ ነበር፤ አርባ ዓመት አልፎኝም ያ ማማሰያ ይታየኛል። «ጠግቤያለሁ» አልኩ። ውሸቴን ነው፣ በረሃብ ልሞት ነበር።

አጠገቤ የነበረው ቀጭን ሰው ሩዙን በጣቶቹ ሰብስቦ ወደ አፌ አመጣው። መልካ ጀብዱ የሚያስተምር የባዮሎጂ መምህር ነው፤ ከደጋ የመጣ ክርስቲያን። «ይብሉ እንጂ» ሲለኝ፣ በዚያ ሁሉ መሃል ሳቄ መጣ።

«አቦ አንተ በለኝ! ድሬ አንቱታ አያውቅም።»

ትሪው ሲነሳ ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ ነገርኩት። «መምህር፣ ሰበሩኝ። እጄ ምንም አልሆነም፤ አላበጠም፣ አልደማም። የተበላሸው ጭንቅላቴ ነው። ማዘዝ አቃተኝ።» ፈርቼ ነበር። ዛሬ እጄን ማዘዝ ካቃተኝ ነገ ምላሴንም ያቅተኛል፣ ያንን ስም ሳልፈልግ አወጣዋለሁ ብዬ።

መምህሩ አልሳቀብኝም። ከግድግዳው ስር ያለው የግንብ መደብ ላይ አስቀምጦኝ ከጉልበቴ ሎሚ በታች በእጁ ጠርዝ መታኝ። እግሬ ዘለለ።

«አንተ ነህ ያዘዝከው?»

«ኧረ እኔ አይደለሁም!»

«ይሄን ህብለ ሰረሰርህ ብቻውን ሠራው፤ አንጎልህን አላማከረም። አሁን ራስህ አንሳው።» አነሳሁ። ትከሻዬን አስነቀነቀኝ፣ ክርኔን አሳጠፈኝ፤ ሁሉም ታዘዙ። ከዚያ ጣቱን ጭንቅላቴ ላይ በግራ በኩል አሳረፈ። «የቀኝ እጅህ ትዕዛዝ የሚነሳው ከዚህ ነው። ማጅራትህ አካባቢ ወደ ቀኝ ይሻገራል። በህብለ ሰረሰር አድርጎ ወደ አንገትህ ይወርዳል፣ ከዚያ በነርቭ ወጥቶ ወደ ክንድህ ይሄዳል።» እየተናገረ በጣቱ መንገዱን ይከተላል። ገመዱ የነበረበት ቦታ ሲደርስ ቆመ። «የተዘጋው እዚህ ጋ ነው። የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ መንገድ ሲዘጋ፣ ከወዲህ የቆመ ሰው ቤቱ መግባት አልፈለገም ይባላል?»

«አይባልም።»

«አንተም እያዘዝክ ነው። ትዕዛዙ እየወጣ ነው፤ ያጣው መንገድ ነው። ነርቭ ደግሞ ካልተበጠሰ ይመለሳል።»

እንባዬን በሽርጤ ጠረግኩ። ወላሂ፣ ተፈተሃል ቢሉኝ እንኳ እንደዚያ ደስ አይለኝም ነበር። በማግስቱ ጠርተው ያንኑ ጥያቄ ደገሙልኝ። ምላሴ የታዘዘችውን አደረገች፤ ዝም አለች።

መምህሩ ከካርቶን ድጋፍ ቆረጠልኝ፣ ከአንጓዬ ስር አድርጎ በጨርቅ አሰረልኝ። አስተሳሰሩ ለልብስ ሰፊ ዓይን የሚያሳፍር ነበር፤ ነገርኩትም። ጠዋት ጠዋት ድጋፉን ፈትቶ ጣቱን ክንዴ ላይ ያሳርፍና «እዘዝ» ይለኛል። አዛለሁ፣ ምንም የለም። «ነገም ታዛለህ» ይላል። እንዲህ እያልን ረመዳን ገባ። ጾም ባይኖርበትም ምሳውን ትቶ የመግሪብን አዛን ከኛ ጋር ይጠብቅ ጀመር። «መምህር፣ ልትሰልም ነው እንዴ?» ብለን ስናሾፍበት «ይሄን ሰውዬ ሳላጎርስ ምኑ ይዋጥልኛል?» ይለናል። ታስሬም ቢሆን እንደዚያ ረመዳን የሳቅኩበት ረመዳን የለኝም።

አጋማሹ ላይ አንድ ጠዋት ጣቱ ስር የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። «መጣ!» ብሎ ጮኸ፤ ጠባቂው ደንግጦ በሩን ደበደበ። ከዚያ በኋላ አንጓዬ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያለ ቀና አለ።

ረመዳን ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው አዛን ተሰማ። መምህሩ እንደ ልማዱ ተምር አንስቶ ወደኔ ዞረ። «ቆይ» አልኩት። በቀኝ እጄ ከሳህኑ ተምር አነሳሁ። ሰባቱም ተምራቸውን እንደያዙ እጄን ያያሉ። ወደ አፌ ግን አልወሰድኩትም። ወደ መምህሩ አፍ ወሰድኩት። ጎረሰ። «ጎሽ» አለኝ።

ከዒድ በኋላ እኔን ለቀቁኝ። እሱን ወደ ሌላ ቦታ ወስደውት ነበር፤ ወዴት እንደሆነ የነገረኝ የለም። መልካ ጀብዱ ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ ትምህርት ቤቱ ሌላ መምህር ቀጥሯል። በጣም ይናፍቀኛል።

ዛሬም መኪናዬ ላይ ነኝ። እጄ ደህና ነው፤ ወፍራም ጨርቅ ስቆርጥ ብቻ ቶሎ ይደክማል። በረመዳን ግን የመጀመሪያዋን ተምር ሳነሳ፣ እጄ አፌ አጠገብ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ልጆቼ «አባዬ፣ ምነው?» ይሉኛል። እኔ አላዘዝኩትም። ማንን እንደሚጠብቅ ግን አውቃለሁ።