ምድር ስትናወጥ ደጅ ቅርብ ነበር

ብፌው ውስጥ የተደረደሩት ብርጭቆዎች እርስ በርሳቸው ሲነካኩ የሚያሰሙት ቀጭን ድምፅ ድሮ ለእኔ የእንግዳ ምልክት ነበር፤ በዓል ደርሷል፣ ብፌው ተከፍቷል፣ ሰው መጥቷል ማለት ነበር። ሰሞኑን ግን ያን ድምፅ ስሰማ ቀና ብዬ የማየው ጣሪያውን ነው። ብዙውን ጊዜ ምንም አይደለም፤ ወይ ከታች በመንገዱ አሸዋ የጫነ መኪና አልፏል፣ ወይ ከላይ ያሉት ጎረምሶች ሶፋ እየጎተቱ ነው። ቢሆንም የያዝኩትን ጭልፋ አስቀምጬ፣ ልጇን አተኩሷት እንደሆነ ግንባሯን እንደምትዳስስ እናት፣ መዳፌን ግድግዳው ላይ አድርጌ ትንሽ እቆማለሁ። ግድግዳው ምን ቢለኝ ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም።

እንዲህ በቆምኩ ቁጥር ልቤ ይዞኝ የሚሄደው ወሎ ሰፈር፣ ወዳደግኩበት ግቢ ነው። ዛሬ ቦታው ላይ መስታወት የለበሰ ሕንፃ ቆሟል፤ በታክሲ ሳልፍ የእኛ ቤት በየት በኩል እንደነበረ ለመገመት እሞክራለሁ፣ ገምቼ ሳልጨርስ ታክሲው ያልፋል። ያኔ አንድ ግቢ ዙሪያውን የከበቡ የጭቃ ቤቶች ነበሩ፤ መሐል ላይ የጋራ ቧንቧ፣ ከቧንቧው አጠገብ ፍሬው ሳይበስል የምንጨርሰው የኮክ ዛፍ፣ ከዛፉ እስከ እኛ ቤት ማዕዘን የተወጠረ የልብስ ማስጫ ገመድ ነበረ። ዝናብ ሲመጣ መጀመሪያ ጭቃው ይሸታል፣ ቀጥሎ ቆርቆሮው ይንኳኳል፣ ከዚያ የሰው ድምፅ አይሰማም፤ በእጅ ምልክት ነው የምንነጋገረው። ቆርቆሮው አሮጌ ስለነበር ምስማሩ ዝጎ ላልቷል፤ ስለዚህ ንፋስ እንዳያነሳው በየቤቱ ጣሪያ ላይ ጭንቅላት የሚያክሉ ድንጋዮች ተጭነዋል። የእኛ ሰፈር ሰው ቤት ሲሠራ ጣሪያው አለቀ የሚባለው ድንጋዩ ሲወጣ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አንድ ክረምት ሊገባ ሲል መሬት ነቀነቀችን። ትንሽ ናት፣ ቆርቆሮው ያለ ዝናብ ተንኳኳ፣ የቧንቧው ባልዲ ውስጥ ያለው ውኃ ዳር ዳሩን ፈሰሰ፣ ከዚያ ቆመ። እናቴ ሁለት እጇን ዘርግታ «እግዚኦ፣ እግዚኦ» አለች፤ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች፣ ልጆቿን ድራ ብቻዋን የምትኖር ሴት፣ ምድርን የከበበው ሌዋታን ጅራቱን አንቀሳቅሶ ነው ብላ ገለጸችልን፤ እኛ ልጆችም ያን ትልቅ ፍጥረት ለማየት አጥሩ ላይ ተንጠላጠልን። የግቢያችን ሽማግሌ አባባ ተሰማ ግን ሳቀ። እሱ ዕድሜውን በአዋሽ በኩል በባቡር ሥራ የጨረሰ ሰው ነው። እዚያ መሬቱ ከሥር እሳት እንደሆነ፣ ተራራው አፍ እንዳለው፣ ውኃ ከአለት ውስጥ ፈልቶ እንደሚወጣ እየነገረ ሲያስፈራራን የኖረ ነው፤ እንዲህ ያለው ነገር አዲስ አበባ ድረስ ተከትሎት መምጣቱ ትንሽ ያኮራው ይመስለኛል።

«ሰውን የሚገድለው መሬቱ አይደለም፤ አናቱ ላይ የጫነው ነው» አለ። «ድንጋዮቹን አውርዱ።»

ነገሩ ልክ መሰለን። አባቴም ወጣ፣ ጎረምሶቹም ወጡ፣ ድንጋዩ ከየጣሪያው ወርዶ በአጥሩ ሥር ተከመረ፤ እኛ ልጆች ደግሞ ድንጋዩን ወንበር አድርገን ዕቃ ዕቃ ተጫወትንበት። ግቢው በሙሉ ተዘጋጅቶ ሁለተኛውን መንቀጥቀጥ ጠበቀ። የመጣው ግን ንፋስ ነው። የክረምቱ የመጀመሪያ ወጨፎ ከቦሌ ሜዳ በኩል ተነስቶ መጣና የእትዬ ዘነበችን ቆርቆሮ እንደ ጋዜጣ ገልጦ ከአጥሩ ማዶ ጣለው። እትዬ ዘነበች ነጠላዋን ተከናንባ፣ ከላይ ዝናብ እየወረደባት፣ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አገኘናት።

«ተሰማ፣ ምድር ያልነካችብኝን ቤት አንተ አፈረስክብኝ» አለችው።

«ንፋሱን እኔ ጠራሁት እንዴ?»

«ድንጋዩን ማን አስወረደ? ከእንግዲህ መሬቱን ትቼ አንተን ነው የምፈራ።»

አባባ ተሰማ ቆርቆሮውን ራሱ ተሸክሞ መለሰ። ድንጋዩም ተመልሶ ወጣ። ይኼኔ ነው ታዲያ መሬቷ እንደገና የነቀነቀችን፤ አሁን ጠንከር ብላ። ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ በየቤቱ ተነግሯል፤ እናቴ ወደ ደጅ ሩጡ ብላለች፣ እትዬ ዘነበች በሩ መቃን ሥር ቁሙ ብላለች፣ አባባ ተሰማ ምሰሶውን እቀፉ ብሏል። ሁላችንም ሁሉንም ሰምተን ስለነበር እኔ ምሰሶውን አቅፌ ስጮህ እናቴ እግሬን ይዛ ወደ ደጅ ትጎትተኛለች፣ አባቴ ደግሞ መቃኑ ሥር ቆሞ መውጫውን ዘግቶብናል። እንዴት እንደወጣን አላስታውስም፤ የማስታውሰው ግቢው ውስጥ ተያይዘን ቆመን ድንጋዮቹ ከየጣሪያው እየተንከባለሉ ሲወርዱ ነው። አንዱ የቧንቧውን ባልዲ አጨራመተው። ሰው አልነካም። ከዚያ በኋላ አባቴ እያንዳንዱን ድንጋይ በሽቦ ጠፍሮ ከጣሪያው ወራጅ ጋር አሰረው፤ ንፋስም አያነሳው፣ መንቀጥቀጥም አይጥለው። ለምን መጀመሪያውኑ እንዲህ እንዳላደረገ እናቴ ስትጠይቀው፣ ሁለቱ አብረው ይመጣሉ ብሎ ማን አሰበ አላት።

ይህን ሁሉ ለትልቋ ልጄ ለሶስና ስነግራት በድንጋዩ ታሪክ ትስቃለች። እሷ እኔ ትምህርት ካቆምኩበት ክፍል አልፋ ሄዳለች። ምድር አንድ ወጥ እንዳልሆነች፣ በስምጥ ሸለቆው በኩል እየተከፈለች እንደሆነ፣ ከሥር የቀለጠ አለት ወደ ላይ ሲገፋ መሬቱ እንደሚሰነጠቅና እንደሚነቃነቅ በደብተሯ ላይ ሥዕል ሥላ አሳይታኛለች። ሥዕሉ ቆንጆ ነው፤ ሽንኩርት የተከተፈ ይመስላል። መቼ እንደሚመጣ ግን ማንም አያውቅም አለችኝ። መምህሯ ያሉት ፎቅ ላይ ያለ ሰው በመንቀጥቀጡ መሐል በደረጃ መሮጥ የለበትም፤ ከመስኮት ርቆ፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ፣ ጭንቅላቱን ሸፍኖ፣ የጠረጴዛውን እግር ይዞ ይጠብቅ፤ ሲቆም ነው የሚወረደው። የልጆቼ አባት ደግሞ የጅቡቲ መንገድ ሹፌር ነው፣ መተሐራ ሲደርስ ይደውልና «ምንም እንዳትሰሚ፣ ነቅነቅ ካለ ልጆቹን ይዘሽ ውጪ» ይለኛል። እኔም ሁለቱንም እሺ እላለሁ። ቴሌቪዥን ላይ አንድ ምሁር ስለ ሰሞኑ መንቀጥቀጥ ሲናገሩ አጥብቄ ሰማኋቸው፤ ብዙ አወሩ፣ በመጨረሻ መደናገጥ አያስፈልግም፣ ነገር ግን መዘጋጀት ያስፈልጋል አሉ። ሳልደነግጥ እንዴት እንደምዘጋጅ አሁንም እያሰብኩበት ነው።

የቻልኩትን አድርጌያለሁ። ከቁምሳጥኑ ላይ ሻንጣውን አወረድኩ፣ ብፌውን ግድግዳው ላይ በብሎን አስመታሁ፣ የትንሿን ልጄን የቤቲን አልጋ ከመስኮቱ ሥር አነሳሁ። የሲሊንደሩን ጋዝ ስወጣ ስገባ እዘጋለሁ። አንድ ነገር ብቻ መወሰን አቃተኝ፣ እሱም የበራችን ነገር ነው።

የምንኖረው አያት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እንደ ጎረቤቶቻችን ሁሉ ከእንጨቱ በር ፊት የብረት ፍርግርግ አስገጥሜያለሁ፤ ሌባው በዝቷል፣ ቀን በቀን ቤት ይሰብራል ይባላል። ኦሎምፒያ አካባቢ አንድ ቢሮ ውስጥ በጽዳት ነው የምሠራው። ቅዳሜ ትምህርት የለም፣ እኔ ግን እስከ ምሳ ሰዓት ሥራ አለኝ፤ ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን አብልቼ፣ ቴሌቪዥኑን ከፍቼላቸው፣ ፍርግርጉን ከውጭ በጓጉንቸር ቆልፌ ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ እሄዳለሁ። ይህን የማደርገው ስለምጠነቀቅ ነው። ብዙ እናቶች ያደርጉታል፤ ደረጃውን ስወርድ በየፎቁ የተቆለፈውን ጓጉንቸር ሳይ ልቤ ያርፍ ነበር።

ባለፈው አንድ ቅዳሜ የቢሮውን ወለል እየወለወልኩ ሳለ ባልዲዬ ውስጥ ያለው ውኃ ተንቀጠቀጠ። ሰዎቹ ወደ ውጭ ወጡ፣ አንዳንዱ ስልኩን አውጥቶ ይሳሳቃል፤ እኔ ግን ያየሁት ጓጉንቸሩን ብቻ ነው። ለሶስና ደወልኩ፣ አይገባም። ደግሜ ደወልኩ፣ አይገባም። ከኦሎምፒያ እስከ አያት ያለውን መንገድ እንዴት እንደሄድኩት አልናገርም፤ ታክሲው ውስጥ አንዷ ሴት ውኃ ሰጠችኝ፣ ጠርሙሷን ይዤባት ወረድኩ።

የሕንፃው ሰው በሙሉ ሜዳው ላይ ነው። ልጆቼ የሉም። ደረጃውን ወጣሁ። እኛ ፎቅ ላይ ስደርስ ከፊት ለፊታችን የምትኖረው ሴት፣ የፈቲያ እናት፣ ሕፃን ልጇን በጀርባዋ አዝላ፣ ፍርግርጋችንን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። በፍርግርጉ በኩል እጇን አስገብታ የቤቲን እጅ ይዛለች። መርካቶ ሱቅ ያላቸው ሰዎች እንደሆኑ አውቃለሁ፤ ከዚያ በቀር በጎረቤትነታችን ሁሉ ከሰላምታ አልፈን አናውቅም። ሰው ሁሉ ሲወርድ እሷ አልወረደችም።

ቁልፉ ከጉድጓዱ አልገጥም አለኝ። ከእጄ ተቀብላ ራሷ ከፈተችው።

«እህቴ» አለችኝ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «እነሱም ሌባ ናቸው እንዴ?»

ሶስና ጠረጴዛ ሥር ገብተው እንደነበር፣ እንደተባለውም ሁሉ አድርጋ እንደነበር፣ ሲቆም ውረዱ የሚለው ላይ ግን መውረጃ እንዳጣች ነገረችኝ። «መምህራችን ስለ ጓጉንቸር አልነገሩንም» አለች። የፈቲያ እናት ሳቀች፣ ከዚያ እኔም፣ ከዚያ ሳቄ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ቁልፍ እሷ ዘንድ አለ፣ ስሟም ዘምዘም እንደሆነ አውቄያለሁ። ግን እሷም ቅዳሜ ሱቅ ትውላለች፤ ያን ዕለት የቀረችው ሕፃኗ ስላመማት ነው።

ትናንት ቅዳሜ ነበር። ጓጉንቸሩን ከፍርግርጉ ፈትቼ ከነቁልፉ ለሶስና ሰጠሁ፤ ከውስጥ ቆልፊው፣ ቁልፉን አንገትሽ ላይ አድርጊው፣ ማንም ቢያንኳኳ እንዳትከፍቺ፣ ከነቀነቀ ጠረጴዛ ሥር ግቡ፣ ሲቆም ክፈቺና እህትሽን ይዘሽ ውረጂ አልኳት። እሺ አለች። የባቡሩ ሰልፍ ጋ ስደርስ፣ ደንግጣ ቁልፉ ባይገባላትስ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ደወልኩ።

«ቆለፍሽው?»

«ቆልፌዋለሁ።»

«ክፈቺው፣ ገርበብ ይበል። ቆይ፣ አይ፣ ዝጊው። ጓጉንቸሩን ግን አትቆልፊው።»

«እማ» አለችኝ፣ «ለሌባው ላድርገው ወይስ ለመሬቱ?»

ሰልፉ መሐል ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ቆምኩ። ከኋላዬ ያለው ሰው «እናቴ፣ ግቡ እንጂ» ይለኛል። እኔ የማስበው ስለ እናቴ ነበር። እናቴ ይህን ጥያቄ አንድም ቀን አልተጠየቀችም። ሌባ ቢመጣም፣ እሳት ቢነሳም፣ ምድር ብትናወጥም የነገረችን ነገር አንድ ነው፤ ደጅ ውጡና ጩኹ። ደጁ አንድ እርምጃ ነው፣ የሚሰማውም ሰው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። እኔ ሰባ ደረጃ ይሁን ሰማንያ ቆጥሬው የማላውቀው ደረጃ ላይ፣ ስዘጋው ከአንዱ አድኖ ለሌላው አሳልፎ የሚሰጥ በር ይዤ ቀርቻለሁ። ቤቱ ከዚያ ቤት በብዙ ይሻላል፤ አያፈስም፣ ንፋስ አያነሳውም፣ የራሴ ነው። ልጄን ደጅ ውጪና ጩኺ ለማለት ግን አልችልበትም።

«እማ፣ አለሽ?»

«አለሁ» አልኳት። «ተመልሼ እየመጣሁ ነው።»

ሰልፉን ለቅቄ ወጣሁ። ሥራ ቦታ ምን እንደምል፣ የሚቀጥለውም ቅዳሜ ምን እንደማደርግ አላውቅም።