ዮሲ ለፖላንዳዊው የነገረው

ዮሲ እንደሻው ስልክና ላፕቶፕ ጠጋኝ ነው። ሸዋ በር፣ ከእናቱ ከወይዘሮ በለጡ ቤት ፊት ለፊት ያለችውን ጠባብ ሱቅ ተከራይቶ ይሠራል፤ እጁ ጥሩ ነው ይባልለታል። ሐረር ውስጥ ግን "ዮሲ የቱ?" ብሎ ለሚጠይቅ ሰው "ስልክ ሠሪው" ብሎ የሚመልስ የለም። "ያ ጌም ቤት የሚውለው፣ ፈረንጆቹን በኮምፒውተር የሚረታው" ነው የሚሉት። እሱም የሚወደው ይሄኛውን ነበር።

ጨዋታው ሁለት ሰው የሚጋጠምበት የጦርነት ጨዋታ ነው። ለእያንዳንዱ ባዶ መሬት ይሰጠዋል። ማዕድን ይቆፍራል፣ ቤት ይሠራል፣ ወታደር ያሰለጥናል፣ ቃፊር እየላከ የጠላቱን ሰፈር ያሰልላል፤ መጨረሻ ላይ ወይ ያጠፋል ወይ ይጠፋል። የፈጣን ጣት ጥቅሙ ብዙ ነው፤ የሚያሸንፈው ግን የሌላውን ሐሳብ ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነው። ዮሲ ይህን ችሎታ ያዳበረው ኤረር በር አጠገብ፣ ጀጎል ውስጥ፣ ጋሽ ግርማ በአንድ የድሮ የድንጋይ ቤት ምድር ላይ በከፈቱት ጌም ቤት ነው።

አንድ የራሱ ዘዴም ነበረው። ቤቶቹን እርስ በርስ አጠጋግቶ ይሠራና በመሃላቸው ሁለት ወታደር ጎን ለጎን የማያሳልፉ መተላለፊያዎችን ይተዋል። ዋናውን በር ሆን ብሎ ክፍት ያደርገዋል። ጠላት በሩን ክፍት ሲያገኘው ሠራዊቱን ይዞ ዘው ይላል፤ ከገባ በኋላ ግን በየመተላለፊያው አንድ በአንድ መሰለፍ ግድ ይሆንበታል። ያን ጊዜ ዮሲ ከየጣሪያው ላይ ይለቅመዋል። ጌም ቤቱ ያለበት ሰፈር ራሱ እንዲያ ስለሆነ ልጆቹ ስም ለማውጣት አልተቸገሩም፤ "ጀጎል" አሉት።

ነስሮን ጨዋታውን ያስተማረው ዮሲ ነው። ነስሮ ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው የሶፊ ልጅ ነው፤ የዮሲ እኩያ፣ አባቱ ጫት አምራች። ጫቱን ኤረር በር አድርሶ የመመለሻ መኪና እስኪሞላ ድረስ ጌም ቤቱ በር ላይ ተደግፎ ያይ ነበር። አንድ ቀን ዮሲ ዞር ብሎ፣

"ቆሞ ማየት ምን ያደርግልሃል? ግባና ሞክር" አለው።

ገባ፤ ተሸነፈ። በማግስቱም መጥቶ ተሸነፈ። እየተሸነፈ የማይናደድ ሰው ዮሲ ከዚያ በፊት አላየም። "አቦ ይቺን እንዴት አደረግካት? ድገማት" እያለ ይስቃል። ዮሲ ደጋግሞ አሳየው፤ "ጀጎል"ንም አሳየው። ሁለቱ ጓደኛሞች ሆኑ። በዒድ ቀን ዮሲ ሶፊ ሄዶ ይበላል፣ በፋሲካ ማግስት ነስሮ ወይዘሮ በለጡን "እንኳን አደረስዎ" ሊል ይመጣል። በጨዋታው ግን ማን በላይ እንደሆነ ሁለቱም ያውቁ ነበር፤ ዮሲን ነስሮ አጠገብ ደስ ብሎት እንዲቀመጥ ያደረገውም ይሄው ነበር።

ዮሲ በዚያ ጊዜ በኢንተርኔት የአውሮፓን ውድድር ይጫወት ነበር። መብራት ሲጠፋ ያመለጡትን፣ መስመሩ ሲንቀራፈፍ የተሸነፋቸውን ጨዋታዎች ትተን፣ አንድ ጊዜ ከመጨረሻዎቹ አሥራ ስድስት ገብቷል። ከዚያ ውድድሩን የሚያዘጋጀው ሊግ አዲስ ደንብ አወጣ፦ ከእንግዲህ ማንም ተጫዋች በሚኖርበት ቀጠና ብቻ ይወዳደራል። ምክንያቱ ለሰሚው ደግ ነበር። የሩቅ ምሥራቅ ብርቱዎች በየቀጠናው እየገቡ ሽልማቱን ጠራርገው ስለሚወስዱ የየአገሩ ልጆች ተስፋ ቆርጠው እየተዉት ነው፤ እንዲህ ከቀጠለ ነገ የሚጫወትም የሚያይም አይገኝም ተባለ። ዮሲ ሲያነበው መጀመሪያ "እውነት ነው" ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ ቀጠናዎቹን አየ፦ አውሮፓ፣ አሜሪካ፣ እስያ፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮች። ኢትዮጵያ የለችም፤ ምሥራቅ አፍሪካ የሚባል ነገርም የለም። "ሌሎች አካባቢዎች ወደፊት ይታያሉ" ይላል ከግርጌው።

"ታዲያ አንተ የት ትኖራለህ ብለው ነው?" አሉ ጋሽ ግርማ።

ዮሲ ገጹን ዘጋው።

ብዙም ሳይቆይ ነስሮ ሊሄድ ነው ተባለ። ታላቅ ወንድሙ ዓሊዪ ሻርጃ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው፤ ሠራተኛ ፈልጎ ነው። ነስሮ ወሬውን ይዞ ወደ ዮሲ ሱቅ እየሮጠ መጣ።

"አብረን እንሂድ! ዓሊዪ ላንተም ቪዛ ያስወጣል፤ ነግሬዋለሁ። እዚያ የሚኖር ሰው እኮ በባሕረ ሰላጤው ቀጠና መግባት ይችላል። አንተ ከገባህ ወላሂ ማን ያቆምሃል?"

"በሰው ወንድም ቤት ተጠግቼ አልጫወትም" አለ ዮሲ፣ ከያዘው ስልክ ቀና ሳይል። "ደንቡ በቅርብ ጊዜ ይስተካከላል።"

ደንቡ ይስተካከላል ብሎ አላመነም። እሱ ራሱ ባስተማረው ሰው ምንጣፍ ላይ መተኛት ነው ያቃተው።

ነስሮ ሄደ። ቀን መለዋወጫ እየሸጠ ማታ ይጫወት ጀመር፤ የመኖሪያ ፈቃዱ እንደወጣ ለማጣሪያ ተመዘገበ፤ አለፈ። ቀጣዩንም አለፈ። በደረቱ ላይ የቡድን ዓርማ ያለበት ልብስ ለብሶ የተነሳው ፎቶ ሐረር ደረሰ፤ ጫት ነጋዴዎቹ ዮሲን ኤረር በር ላይ እያስቆሙ "ጓደኛህን አየኸው?" ይሉት ጀመር። ጌም ቤት ሲገባ ቦታ የሚለቁለት ልጆች አሁን "ዮሲ፣ ነስሮ ይቺን እንዴት ነው የሚያደርጋት?" ብለው ይጠይቁታል። እሱ ራሱ የፈጠራትን!

የባሰው ደግሞ የውጭ አገሮቹ ጨዋታ አስተላላፊዎች "ጀጎል"ን "የነስሮ ወጥመድ" ማለታቸው ነበር። ዮሲ ይህን የሰማ ቀን ሱቁን በጊዜ ዘጋ። ቤት ገብቶ እራት አልበላም። "ምን ሆነሃል ልጄ?" ቢሉት እናቱ፣ "ራሴን ነው" አለ። የነስሮን ጨዋታዎች ግን አንድ ሳያስቀር ያይ ነበር። ስህተቱን እየለቀመ። ሲያሸንፍ "ተጋጣሚው ደካማ ነው" ይላል፤ ሲሸነፍ ቀኑን ሙሉ ሥራው ይቀናዋል፣ ከደንበኛ ጋር ይጫወታል፣ ለእናቱ ፍራፍሬ ገዝቶ ይገባል። ይህን በራሱ ላይ እያየ ያፍራል፤ ማፈሩ ግን ቅናቱን አልቀነሰለትም።

ነስሮ ኢስታንቡል ለሚደረገው የዓለም ውድድር ሲያልፍ መጀመሪያ የደወለው ለዮሲ ነበር።

"የምለማመደው ካንተ ጋር ነው። ደንቡ ተጫዋችን እንጂ አሰልጣኝን አይከለክልም፤ ጠይቄአለሁ። ስምህን ላስመዝግብ?"

"መብራት የለም እዚህ" አለ ዮሲ። "ሰሞኑን ጭራሽ ጠፍቷል።"

ይህን ሲል ከራሱ በላይ አምፖሉ ቦግ ብሎ በርቶ ነበር።

በዚያው ሳምንት ከሌላ ሰው መልእክት መጣለት። ላኪው በአውሮፓው ውድድር ዘመን ከዮሲ ጋር ይለማመድ የነበረ ፖላንዳዊ ነው። "አንተ ከሐረር ነህ አይደል? ኢስታንቡል ላይ መጀመሪያ የደረሰኝ ተጋጣሚ ነስሮ የሚባል ያገርህ ልጅ ነው። ታውቀዋለህ?" ይላል። ዮሲ "አውቀዋለሁ" ብሎ ጻፈ።

ከሰዓቱን በሙሉ ተጫወቱ። ዮሲ ግን እንደ ራሱ አልተጫወተም፤ እንደ ነስሮ ሆኖ ተጫወተለት። ነስሮ ቤት የሚሠራበትን ቅደም ተከተል፣ ሲደፍር የሚያደርገውን፣ ሲጠራጠር የሚያደርገውን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ። ሌላ ሰው ያላየውን አንድ ነገርም ነገረው፦ ነስሮ ገና ጨዋታው ሲጀመር ማዕድኑ ሁለት ጊዜ ከተነካበት ይጨንቀዋል፤ ሲጨንቀው ቃፊሮቹን ሁሉ ወደ ቤት ይሰበስባል። ከዚያ በኋላ ዕውር ነው። በጀርባው ምን እንደሚመጣ አያይም። ዮሲ ይህን ጠባይ ሊያስተወው ጌም ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ ጮኾበታል።

ፖላንዳዊው ሲያመሰግነው ዮሲ ኮምፒውተሩን አጠፋ። ደንብ አልጣሰም። ይህን ለራሱ ደጋግሞ ነገረው።

የግጥሚያው ቀን ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ ጋሽ ግርማ ትልቁን ስክሪን ሰቅለው ጌም ቤቱ እስከ መንገዱ ድረስ ሞላ። የነስሮ እህት ሩቂያ ከሶፊ የመጡ ዘመዶቿን ይዛ ከፊት ተቀምጣለች። ዮሲንም አስነስተው ከፊት አስቀመጡት፤ "አስተማሪው ኋላ ሊቀመጥ ነው?" ብለው። ከጨዋታው በፊት ነስሮ ስክሪኑ ላይ መጣ። ጠያቂዋ ስለ "ነስሮ ወጥመድ" ጠየቀችው። እንግሊዝኛው ገና ይኮላተፍ ነበር።

"የእኔ አይደለም" አለ። "ዮሲ የሚባል ጓደኛዬ ነው የፈጠረው፣ ሐረር ነው ያለው። ስሙ 'ጀጎል' ነው። እሱ ከእኔ ይበልጣል። ደንባችሁ ስላልፈቀደለት ነው እንጂ እዚህ የሚቀመጠው እሱ ነበር። ሌሎች አካባቢዎች ወደፊት ይታያሉ ብላችኋል፤ መቼ ነው የምታዩት?"

ጌም ቤቱ ተናጋ። የጮኸው፣ ያጨበጨበው፣ የዮሲን ትከሻ የመታው ብዙ ነው። ሩቂያ ዞር ብላ፣ "ማሻአላህ፣ ሰማህ?" አለችው፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ዮሲን መጀመሪያ የተሰማው ግን ምን እንደሆነ ቢነገር የሚያምን የለም። "ሲያመሰግነኝ እንኳ ከላይ ሆኖ ነው" የሚል ነገር ነበር። ሐፍረቱ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ ሲመጣ ግን ከወንበሩ አላስነሳውም። ስልኩን አውጥቶ "ቃፊሮችህን እንዳትሰበስብ" ብሎ ጻፈ፤ ላከ። መልእክቱ አልተነበበም። ተጫዋቾች ስልካቸውን አስረክበው ነው የሚገቡት።

ፖላንዳዊው ገና በጨዋታው መጀመሪያ ማዕድኑን ነካ። እንደገና ነካ። ነስሮ ቃፊሮቹን ሰበሰበ። የቀረውን ዮሲ ስክሪኑን ሳያይ ያውቀው ነበር። ሁለተኛውም ጨዋታ እንደዚያው አለቀ። ሕዝቡ በረጅሙ እየተነፈሰ ወጣ፤ ጋሽ ግርማ ስክሪኑን አወረዱ።

ነስሮ ለዐረፋ አገር ቤት መጣ። ወይዘሮ በለጡ ዘንድ ሻርፕ ይዞ ገብቶ ጉልበት ስሞ፣ ስቆ አጫውቶ፣ ሲወጣ ዮሲን "እስቲ ሸኘኝ" አለው። የጀጎልን ግንብ ይዘው እየተራመዱ ብዙ ከሄዱ በኋላ ነው የተናገረው።

"ቃፊር እንደምሰበስብ የሚያውቅ አንድ ሰው ነው።"

"እኔ ነኝ" አለ ዮሲ።

"መልእክትህን ስወጣ አየሁት። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ምን ሰጡህ?" አለው ነስሮ።

"ምንም።"

"ምንም?"

"ምንም አልሰጡኝም። ቀንቼ ነው።"

ነስሮ ቆመ። ፊቱ ላይ ዮሲ የጠበቀው ቁጣ አልነበረም፤ የደከመው ሰው ይመስል ነበር። "ሰጥተውህ ቢሆን ይሻለኝ ነበር" አለና ብቻውን ወደ ኤረር በር ቁልቁል ሄደ። ወደ ሻርጃ እስኪመለስ ድረስም ዮሲ ዘንድ አልመጣም።

በቀጣዩ ዓመት ሊጉ ምሥራቅ አፍሪካን አንድ ቀጠና አደረጋት፤ የምታሳልፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። ነስሮ በዚያ ቃለ መጠይቅ ስለተናገረ ነው የሚሉ አሉ፤ አይደለም፣ ገበያ ፈልገው ነው የሚሉም አሉ። ዮሲ ተመዘገበ። ችግሩ ልምምዱ ነበር፤ ሐረር ውስጥ ሊፈትነው የሚችል ሰው አልነበረም። አንድ ከሰዓት ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሲገባ የግጥሚያ ጥሪ ጠበቀው። የነስሮ ስም ነበር። ተቀበለ። ድምፅ የለ፣ ጽሑፍ የለ፤ ዝም ብለው ተጫወቱ፤ ነስሮ አሸነፈና ወጣ። በማግስቱም ጠራው። ማጣሪያው እስኪደርስ እንዲሁ ሆነ። ነስሮ ብዙውን ያሸንፋል፤ ዮሲ በተሸነፈ ቁጥር ጥርሱን ነክሶ ይቀመጣል፣ በማግስቱም ጥሪውን ይቀበላል።

ዮሲ የማጣሪያው ፍጻሜ ደረሰ፤ እዚያ ከናይሮቢ የሆነች አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አሸነፈችው። በንጹሕ ጨዋታ። ጣቷ ከእሱ ይፈጥናል፤ ዕድሜዋም ከእሱ ያንሳል። እሷ ስታልፍ እሱ ቀረ። ጌም ቤቱን ሳይሰናበት ወጥቶ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ከዐረፋው ወዲህ ነስሮ ሲደውል የመጀመሪያው ነበር።

"ተናደድክ?" አለ ነስሮ።

"አዎ።"

"በልጅቷ?"

"በልጅቷም፣ ባንተም።"

"እኔ ዛሬ ምን አደረግኩ?"

"አንተ ዘንድሮም አልፈሃል፤ እኔ እዚሁ ነኝ።"

ከዚያ ነስሮ እንደ ድሮው፣ እየተሸነፈ እንደሚስቀው ሳቀ።

"ገና ትቀናብኛለህ ማለት ነው።"

"እንዴት አልቀናም?"

"አቦ እንግዲያ በግልጽ ቅና፤ ፊት ለፊት። ልጅቷ በዓለም ውድድሩ የመጀመሪያ ዙር የምትደርሰው ለእኔ ነው፤ አንተ ደግሞ ገና አሁን ተጋጥመሃታል። ነገ ከሰዓት ግባና እንደ እሷ ሆነህ ተጫወትልኝ።"

ደጅ ላይ ስልኩን የሚያሠራ ደንበኛ መጥቶ ቆሟል። ዮሲ በእጁ "ትንሽ ጠብቀኝ" አለው።

"እሺ" አለ ወደ ስልኩ። "መብራት አለ።"