ዱባ ዳሪዋ

በእርሻ ምርምር ጣቢያው ውስጥ ስሟን ጠርቶ የሚፈልጋት ሰው አልነበረም። ዘበኛው እንኳ እንግዳ ሲመጣ፣ «ዱባ ዳሪዋን ነው? በአጥሩ ጥግ ይሂዱ፤ ጎንበስ ያለች ሴት ካዩ እሷ ናት» ይል ነበር። ወረቀቷ ላይ «የአትክልት ዝርያ ማሻሻያ ተመራማሪ» ይላል። ሥራዋ ግን የዱባ አበቦችን ማጋባት ነው።

ዱባ ወንድና ሴት አበባው ለየብቻ ነው። ሴቷ ከሥሯ ጣት የምታክል ሕፃን ዱባ ይዛ ትወጣለች፤ ወንዱ ቀጭን እግር ብቻ ነው ያለው፣ ሌላ ንብረት የለውም። ንብ ከአንዱ ወደ አንዱ ካልዞረች ደግሞ ዱባ የሚባል ነገር የለም። ዱባ ዳሪዋ ይህን ሥራ ከንቧ ነጥቃ ይዛዋለች። ነገ የሚፈኩትን አበቦች ዛሬ ማምሻውን አፋቸውን በክር ታስራለች። በማግስቱ ማለዳ የመረጠችውን ወንድ ቆርጣ፣ የመረጠቻትን ሴት ክር ፈትታ፣ ቢጫውን ዱቄት ታስነካትና መልሳ ታስራታለች።

አብረዋት የሚኖሩት እናቷ ይህ ሥራ ያናድዳቸው ነበር።

«የአገሩን ዱባ ሁሉ ድረሽ ጨረስሽ» ይሏታል። «አንቺን የሚድር ጠፋ እንጂ!»

«እማዬ፣ እኔ ጊዜ የለኝም።»

«ዱባውስ መቼ ጊዜ ነበረው? አንድ ማለዳ ብቻ ነው የሚፈካው ብለሽኝ የለ? ያቺን አንዲት ማለዳ ግን ተጠቀመባት!»

ለዓመታት ስትለፋ የነበረው ለአንድ ዱባ ነው፦ ዝናብ ሲያጥር የማይደነግጥ፣ ሥጋው ወፍራምና ጣፋጭ፣ ከተለቀመ በኋላ ወራት ሳይበሰብስ የሚቀመጥ፣ ክብ፣ ግራጫ ዱባ። በመጨረሻ አገኘችው። ዘሩን ለማብዛት ከአጥሩ ጥግ ባለው ሰፊ ማሳ ላይ ተከለችው። በዚያ ሁሉ ማሳ አበባ በክር ማሰር የማይቻል ስለሆነ ሥራውን ለንቦች ለቀቀችላቸው። በአቅራቢያው ሌላ ዱባ ስለሌለ ከየት የመጣ ባዕድ ያበላሽብኛል ብላ አላሰበችም። ዘሩን ሰበሰበች፤ በሚቀጥለው ወቅት ዘራችው። ዳይሬክተሩም ደስ ብሎት ገበሬዎችንና ባለሥልጣናትን ለጉብኝት ጠራ።

ጉብኝቱ ሲቃረብ ቅጠሉን ገለጥ አድርጋ ብታይ ክው አለች። ሮጣ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባች።

«ጥሪው ይቅር። ዱባው ተዳቅሏል።»

«ጥሪውማ ተበትኗል» አለ ዳይሬክተሩ። «በቅጠሉ ሸፈን ሸፈን አድርጊው።»

ቅጠል ግን ዱባን አይሸፍንም። እንግዶቹ ማሳው ውስጥ ሲገቡ አንዱ ዱባ እንደ ዝይ አንገቱን አስረዝሟል፤ አንዱ እንደ ፒጃማ ባለ መስመር ነው፤ ሌላው ኪንታሮት የወረሰው ይመስል ጀርባው ሁሉ ጓጉሏል። ዳይሬክተሩ ንግግሩን አስቀድሞ አጥንቶ ስለነበር ማቆም አልቻለም። «እንደምታዩት፣ እንደ እንቁላል አንድ ዓይነት...» እያለ ቀጠለ።

አንዲት አሮጊት ገበሬ ኪንታሮታሙን ዱባ በእጃቸው ዳበስ አድርገው፣ «እነዚህ ሁሉ ወንድማማቾች ናቸው?» ብለው ጠየቁ።

«አዎን፣ ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው» አለ ዳይሬክተሩ።

«ይሁን። አባትየው ግን ቤቱ አያድርም ነበር።»

እንግዶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ዱባ ዳሪዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

እንግዳ ሲሸኝ እሷ ያንን ኪንታሮታም ዱባ ታቅፋ አጥር አጥሩን መሄድ ጀመረች። እንዲህ ያለ ዝርያ ጣቢያው ውስጥ የለም፤ አባቱ የውጭ ሰው መሆን አለበት። ከአጥሩ ማዶ፣ አምና ሰው በገባበት ቤት ጓሮ፣ የንብ ቀፎዎች ተደርድረው አየች። ከቀፎዎቹ በላይ እንደ ዳስ በተሠራ እንጨት ላይ ትንንሽ፣ ቢጫ፣ አንገተ ረጅም፣ ባለ መስመርና ኪንታሮታም ዱባዎች ተንጠልጥለዋል። ከሥራቸው ኮፍያ ያደረገ ትልቅ ሰውዬ ወንበር ላይ ተዘርግቷል። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው።

«ይሄ ዱባ የማን ነው?»

«የኔ። ለንቦቼ ጥላ ነው። አያምርም?»

«አይበላም!»

«ማን ብሉት አለ? እዩት ብዬ ነው የተከልኩት።»

«ጌታዬ፣ ንቦችዎ አጥር እየዘለሉ የስንት ዓመት ልፋቴን ገደል ከተቱት!»

«እመቤቴ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ሕዝብ ነው ያመላለስኩት። ተሳፋሪ አንዴ ከወረደ ማን ቤት እንደሚገባ ሹፌር አይጠየቅም። ደግሞስ ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ይባል የለ? የእርስዎ እዚያ፣ የኔ እዚህ። ምን አገናኛቸው?»

«ዱባና ቅል ቢሆንማ እሰየው ነበር፤ አይዋለዱም! ይሄ ዱባና ዱባ ነው፤ ያውም የሥጋ ዘመድ!» ብላ የታቀፈችውን በአጥሩ ላይ አሻግራ አስታቀፈችው።

ሹፌሩ ዱባውን አገላብጦ አየ። ከራሱ ዱባዎች ጋር አስተያየው። ኪንታሮቱ ያው ነው።

«በዓይኔ ካላየሁ አላምንም» አለ፤ ድምፁ ግን ቀዝቅዞ ነበር።

በማግስቱ ጀንበር ሳትወጣ ኮፍያውን አድርጎ ማሳው ላይ ተገኘ። አበቦቹ ሲፈኩ ንቦቹ በአጥሩ ላይ እየተከታተሉ መጡ። ሹፌሩ በጣቱ እያመለከተ፣ «ኧረ ያቺ የኔ ናት! አንቺ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» ብሎ ጮኸባት፤ ልጁን ሰው ቤት የያዘ አባት ይመስል ነበር። የዚያኑ ዕለት ዱባውን ነቅሎ ለቀፎዎቹ አሮጌ ሸራ ወጠረላቸው።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ አበባ ለማሰር መምጣት ጀመረ። በድሮው ንጹሕ ዘር በጠባብ መደብ ላይ እንደገና ሥራ ተጀምሮ ስለነበር ሰው ያስፈልጋት ነበር። ግን መሪ የለመደ እጅ ለአበባ ይከብዳል፤ አንዱን ሲያስር ሁለቱን ይገነጥላል። አንድ ምሽት ደግሞ ያን ቀን ፈክቶ የተከደነውን አበባ ነገ የሚፈካ መስሎት ሳያይ ከነንቧ አሰረ። በማግስቱ ዱባ ዳሪዋ ጎንበስ ብላ ክሩን ስትፈታ፣ እዚያ ውስጥ ስትብሰለሰል ያደረችው ንብ ወጥታ አፍንጫዋ ላይ መንደፊያዋን ተከለችባት።

ለክፋቱ ያን ቀን ዳይሬክተሩ ዘንድ ቀርባ ስለ ጉብኝቱ ውርደት መልስ መስጠት ነበረባት። ዓይኗ ጠፍቶ፣ ፊቷ ደም መስሎ ገባች። ዳይሬክተሩ ለቁጣ ጉሮሮውን ሲጠርግ ቆይቶ ቀና ብሎ ቢያያት ደነገጠ።

«ምነው እህቴ! ይሄን ያህል ታለቅሻለሽ? ዱባ አይደል እንዴ!» ብሎ ውኃ አስመጣላት። «በቃ፣ ማሳውንም ሠራተኞቹንም ለሚቀጥለው ወቅት ፈቅጃለሁ። እባክሽ ራስሽን አትጉጂ።»

ዱባ ዳሪዋ እውነቱን ለመናገር አፏን ከፈት አደረገች። ከንፈሯ ስላበጠ አልታዘዝ አላት፤ እሷም አላስገደደችውም።

አመሻሹ ላይ ሹፌሩ ማር ይዞ ለይቅርታ ቤቷ መጣ። በሩን የከፈቱት እናቷ ናቸው።

«የልጄን ፊት እንዲህ ያደረጉት እርስዎ ነዎት?»

«ንቧ ናት፣ እማማ። ክሩን ያሰርኩት ግን እኔ ነኝ።»

እናቷ ከኮፍያው እስከ ጫማው አዩት። «ሚስት አለዎት?»

«ሞታብኛለች፣ ቆይቷል።»

«ነፍሷን ይማር። ይጠጣሉ?»

«አልጠጣም።»

«ያንኮራፋሉ?»

ከውስጥ ፊቷ ላይ እርጥብ ጨርቅ ያደረገችው ልጃቸው፣ «እማዬ!» ብላ ጮኸች።

«አንቺ ዝም በይ፣ ምርምር ላይ ነኝ!» አሉና በሩን ወለል አድርገው ከፈቱለት።

በሚቀጥለው ወቅት አበባው ከመፍካቱ በፊት ሹፌሩ ቀፎዎቹን በጭነት መኪና ጭኖ ወንዝ ማዶ እህቱ ዘንድ አደረሳቸው። ተመልሶም ክር እያቀበላት፣ «እኛስ?» አላት።

«እኛ ምን?»

«እኛን ማን ይዳረን?»

ቀና ሳትል፣ «ያንን ክር ጠበቅ አድርገው፤ ላልቷል» አለችው። ሁለት ሦስት አበባ ከታሰረ በኋላ ግን፣ «ከረፋዱ በፊት ከሆነ አልችልም» አለች። ሹፌሩ ይህን እንደ እሺታ ቆጠረው፤ ትክክልም ነበር።

ማዘጋጃ ቤቱ የሰጣቸው ቀን አበባው የፈነዳበት ሳምንት ላይ ዋለ። ሙሽራው ከረባቱን አስሮ፣ እናቷ ወንበር ይዘው፣ ጸሐፊው ብዕሩን እያንኳኳ ጠበቋት።

«ሙሽሪት ሐሳቧን ቀይራ ይሆን?» አለ ጸሐፊው።

«ፀሐይ ሞቅ ሲል አበባው ይከደናል፤ ያኔ ትመጣለች» አሉ እናቷ።

መጣች። ቀሚሷ ንጹሕ ነው፤ አፍንጫዋ ግን ቢጫ በቢጫ ሆኗል። ሹፌሩ በመሐረቡ ጠረገላትና ፈረሙ።

ግራጫው ዱባ ዛሬ በብዙ ገበሬ ጎተራ ይቀመጣል፤ አንዱ ከአንዱ አይለይም። ሹፌሩ ግን መልኩን አይወድለትም፤ «ድንጋይ ነው» ይላል። ቢሆንም ጉብኝት ሲኖር ከፊት የሚሄደው እሱ ነው። «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ መሐል ባዶ ነው!» እያለ እንግዶቹን ይሰበስባል፤ ስለ ወንዱም ስለ ሴቷም እንደ ምሁር ያብራራል። የሚከብድ ጥያቄ ሲመጣ ጉሮሮውን ይጠርግና፣ «ይህንን ባለቤቴ ትመልሳለች፤ እኔ በሹፌርነት ነው ያለሁት» ይላል። ያን ጊዜ ዱባ ዳሪዋ ወገቧን ይዛ ከቅጠሉ መሐል ቀና ትላለች።