ወደ መስታወት ቤቱ ያስገባሁት አበባ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት በእንቁጣጣሽ ሰሞን ነው። በእኔ ጥፋት የተቀጡ ሰው ስላሉ እስካሁን ከልቤ አልወጣም።

አሰላ ውስጥ በአንድ የእርሻ ጣቢያ ችግኝ አጠጣለሁ። የቲማቲም ችግኝ ብርድ እንዳይመታው የሚያድገው በመስታወት ቤት ነው። ነፍሳት እንዳይገቡ በሩ ድርብ ነው፤ አንዱን ሳይዘጉ ሌላውን መክፈት ክልክል ነው። ቁልፉን የሚይዙት ጋሽ ቱፋ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ሰው ፊት መናገር ስለማልችል ይቀልዱብኛል። «ዛሬም ምላስሽን ቤት ረሳሽው?» ይሉኛል።

«እንኳን አደረሰዎ» ማለት ስላፈርኩ፣ በዋዜማው አደይ አበባ ከእርጥብ ሣር ጋር አስሬ እውስጥ በሚቀመጡበት ዱካ ላይ አኖርኩላቸው።

በበዓሉ ማግስት ሲያዩት ደነገጡ። ወዲያው አውጥተው አቃጠሉት።

«ኢንተላ ኮ፣ ከውጭ ቅጠል አይገባም» አሉኝ ቀስ ብለው። ልጄ ማለታቸው ነው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የችግኞቹን ቅጠል ገልበጥ ሳደርግ ቅማል የሚያህሉ አረንጓዴ ነፍሳት ተጣብቀውበታል። መድኃኒት ተረጨ፤ ነፍሳቱ ሞቱ። ቅጠሉ ግን ይጨማደድ፣ ቢጫ ይዥጎረጎር ጀመር።

አለቃችን «ነፍሳቱ በሽታውን ካንዱ ወዳንዱ አጋብተውታል። ይሄ ፈውስ የለውም፤ ሁሉም ይነቀል» አሉ። ለገበሬዎች ልንሰጥ ያሳደግነውን ችግኝ በገዛ እጄ ነቀልኩት።

ከዚያ ሰበሰቡንና «በሩን ከፍቶ የተወው ማነው?» ሲሉ አንገቴን ደፋሁ። ጋሽ ቱፋ አዩኝ። ትንሽ ጠበቁኝ።

«እኔ ነኝ ጌታዬ፤ ረስቼው ነው» አሉ።

«እንግዲህ አርጅተዋል» ተብለው በቆጂ የገብስ ማሳ እንዲጠብቁ ተላኩ። ቁልፉ ለእኔ ተሰጠ። ሊሄዱ ሲሉ «አሁንማ ቁልፍ ያዥ ሆነሻል፤ ምላስ ያስፈልግሻል» ብለው ሳቁ። እኔ ያን ጊዜም አልተናገርኩም።

የበቆጂን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። በቀደም ለገበያ የመጣች ጎረቤታቸው «ጉልበታቸውን ይዟቸዋል፤ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት» አለችኝ። ሦስት ጊዜ አለቃችን ቢሮ ደጃፍ ደርሼ ተመለስኩ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ሲንኳኳ እንኳ አፍራለሁ።

አለቃችን ይህን የምጽፍለትን ጋዜጣ በየሳምንቱ ያነባሉ። ጌታዬ፣ በሩ ተከፍቶ አልነበረም። አበባውን ያስገባሁት እኔ ነኝ።