አግዳሚው ለቅሶ ላይ ነው

በሸማ ተራ ጀርባ ያለው የሰፈራችን ችሎት ሐሙስ ይቀመጥ አይቀመጥ የሚወስኑት ዳኛዋ ሳይሆኑ ጋሼ ይገረም ናቸው አሉ። ዳኛዋ ረቡዕ ረቡዕ ስልክ እየደወሉ «ጋሼ፣ ምን ይላሉ? እናስችል?» ይሏቸዋል አሉ። የባሰው ወሬ ደግሞ፣ የማይጥማቸው ክስ ሲመጣ ሰፈር ውስጥ ሰው እንዲሞት ያደርጋሉ የሚለው ነው።

እኔ አላመንኩም። ጋሼ ይገረም የእድራችን ዕቃ ጠባቂ ናቸው። ሃያ ሦስት ዓመት ድንኳን፣ ድስትና አግዳሚ ወንበር ሲጠብቁ ኖረዋል፤ አንዲት ጭልፋ ብትጠፋ ሟቹን ቀስቅሰው የሚጠይቁ ሰው ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ችሎቱ የሚቀመጥበት አዳራሽ የራሱ መቀመጫ የለውም፤ ሐሙስ ሐሙስ የእድሩን አግዳሚ ይዋሳል። ለቅሶ ካለ አግዳሚው ድንኳን ውስጥ ነው። ያኔ የአዳራሹ በር ላይ «ለሌላ ቀን ተቀጥሯል» የሚል ወረቀት ይለጠፋል። አምና ሰው በላይ በላዩ እየሞተብን አንድ የአጥር ክስ አራት ቀብር አሳልፏል።

ሰዓደት የሀበሻ ቀሚስ ነጋዴ ናት። ጎረቤቷ መስፍን የጋቢ ክምሩን በሯ ላይ ቆልሎባት፣ ደንበኛ በጎኑ እየተሽሎከለከ ነው የሚገባው፤ ወፈር ያለውማ ከነጭራሹ ቀርቷል። ከሰሰችው፤ ውሳኔው ከጥምቀት በፊት ባለው ሐሙስ ሊነበብ ተቀጠረ። ያ ሐሙስ ካለፈ የዓመቱ ገበያ አለፈ ማለት ነው። ማክሰኞ የእድራችን አባል የአቶ ሙሉብርሃን አክስት አረፉ።

ሰዓደት እየሮጠች ዕቃ ቤቱ ደረሰች።

«ጋሼ ይገረም፣ በአላህ! ለሐሙስ አግዳሚ!»

«ልጄ፣ ለቅሶ ላይ ያለ አግዳሚ አይነሳም። ደንብ ነው።»

«ደንቡ እኮ ሊገድለኝ ነው!»

«እሱንማ እንዳታደርጊው፤ ሌላ አግዳሚ የለኝም።»

ፊቷን ሲያዩ ግን አንጀታቸው አልቻለም። ሐሙስ ሠልስት ነው፤ ለቀስተኛው ጠዋት ለጸሎት ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። «ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ብቻ» አሏት። «ሲመለሱ ግን የተቀመጠ ሁሉ ይነሳል።»

ሐሙስ ተሸካሚዎች አግዳሚውን እያስሮጡ አመጡት፤ ችሎቱ ተጀመረ። ቀደም ያሉት መዝገቦች እስኪያልቁ አራት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። የሰዓደት ተራ ሲደርስ መስፍን ተነሳ።

«ክብርት ዳኛ፣ ተጨማሪ ምስክር ስላለኝ ሌላ ቀጠሮ...»

ጋሼ ይገረም በሩ ላይ ብቅ አሉ። «ለቀስተኛው እየተመለሰ ነው፤ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ደርሷል!»

ወዲያው የኋላው ረድፍ አግዳሚ ተነሳ፤ ቀጥሎ መሃከለኛው። ባለጉዳይ ሁሉ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ዳኛዋ ባዶውን አዳራሽ አዩ፣ መስፍንን አዩ።

«ምስክርዎ የሚቀመጥበት የለም» አሉና ውሳኔውን በአንድ ትንፋሽ አነበቡት፤ ክምሩ እስከ ነገ ይነሳ!

መስፍን የእድሩ አባል አይደል? እያጉረመረመ የመጨረሻውን አግዳሚ ተሸክሞ ወጣ። ዓርብ በሰዓደት በር ሁለት ወፍራም ሴቶች ጎን ለጎን ሲገቡ በዓይኔ አይቻለሁ።

ወሬው ከዚያ ወዲህ እጅና እግር አወጣ። ትናንት ጋሼ ይገረምን ዕቃ ቤት ድስት ሲወለውሉ አግኝቼ ፊት ለፊት ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ችሎት የሚቀጥሩት እርስዎ ነዎት ይባላል።»

ጨርቁን ጣሉት። «ነጭ ውሸት! የሚቀጥሩት ዳኛዋ ናቸው። ስልካቸው የለኝም፣ ሰውም አልገድልም። በሕይወቴ ለማንም ቀጠሮ ሰጥቼ አላውቅም!»